ቶናው የተደፋበት ኮከብ

አጎቴ ጋሽ ኃይሌ ድሬዳዋ በምድር ባቡር ጋራዥ ከ30 ዓመት በላይ ቶርኖ ላይ የቆሙ ሰው ናቸው። የቀኝ እጃቸውን የመሐል ጣት ግማሹን ቶርኖው ወስዶታል። ዛሬም የብረት ዕቃ ሲሰጧቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት በጥፍራቸው መታ አድርገው ድምፁን መስማት ነው። እኔ አዲስ አበባ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በመጋቢት አጋማሽ ወርጄ ከዚራ ሰፈር በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን፣ ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ቡና ሲቆሉ የተነሳው ወሬ ይኸው። ሳቁንና ከጎረቤት ጋር የነበረውን የአንቴና ጭቅጭቅ ትቼዋለሁ።

እትዬ ሙሉ፦ እውነት ነው የሚሉት? ቡናን ኮከብ አድርገውታል?

እኔ፦ እውነት ነው እትዬ። እንደ ፈረንጆቹ በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብ ከነፕላኔቱ ደልድሎ ስም አውጡ አለ። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ ‹‹ቡና›› ተባለ፤ የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ ‹‹አቦል››።

እትዬ ሙሉ፦ ቶናውስ?

እኔ፦ ቶና የለም። የተሰየመው ፕላኔት አንድ ብቻ ነው።

እትዬ ሙሉ፦ አቦል ብቻ ጠጥቶ የሚነሳ ምን እንግዳ ነው!

ጋሽ ኃይሌ፦ ጎረቤቶቻችንስ ምን አወጡ?

እኔ፦ እኔን ከእኛው ይልቅ የሚማርከኝ የኬንያ ነው። ኮከቡን ‹‹ካላውሲ››፣ ፕላኔቱን ‹‹ቡሩ›› አሉት። በሉኦ ቋንቋ ካላውሲ እየተሽከረከረ የሚነሳ ብርቱ ነፋስ ነው፤ ቡሩ ደግሞ አቧራ።

ጋሽ ኃይሌ፦ አቦ! ድሬዳዋን ነዋ የሰየሙት!

እኔ፦ ከዚያ በፊት ኮከቡ ቁጥር ብቻ ነበረው፤ ኤችዲ 83443። ብርቱካናማ ድንክ ከሚባሉት ከዋክብት ወገን ነው፤ ከፀሐይ ቀዝቀዝ፣ ደብዘዝ ያለ።

ጋሽ ኃይሌ፦ ብርቱካናማ ስትዪ ገባኝ። ብረት ከሰል ውስጥ ስትከቺው መጀመሪያ የደረቀ ደም ይመስላል። ከዚያ በርበሬ፣ ከዚያ ብርቱካን፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ይነጣል፣ ዓይን አያስጠጋም። ሙቀት መለኪያ ማን ሰጥቶን? በቀለሙ ነበር የምናውቀው።

እኔ፦ የከዋክብትም ሙቀት የሚታወቀው እንደዚያው በቀለም ነው። ልዩነቱ የእርስዎ ብርቱካን ብረት ሺህ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ካላውሲ ከአምስት ሺህ ያልፋል። እንዲያውም ቀረብ ብሎ ላየው ብርቱካን አይመስልም፤ ነጣ ያለ ቢጫ ነው። ‹‹ብርቱካናማ›› ያሉት ሰዎች ትንሽ አጋንነዋል። የእርስዎ ብርቱካን ላይ ያለው ፕላኔቱ ነው። ቡሩ ከኮከቡ የሚርቀው ስድስት ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ለፀሐይ ከሁሉም የምትቀርበው ሜርኩሪ እንኳ በአማካይ 58 ሚሊዮን ላይ ናት። የቡሩ ሙቀት ወደ ሺህ ዲግሪ እንደሚጠጋ ይገመታል።

ጋሽ ኃይሌ፦ አሉሚኒየም በ660 ይፈሳል። ብር በ960። ምን ቀረው ታዲያ?

እኔ፦ የሚቀልጥ ወለል የለውም፤ ጋዝ ነው፣ የጁፒተር ወገን። ክብደቱ ቢያንስ የመሬትን 125 እጥፍ ያህላል። ኮከቡን አንዴ ዞሮ የሚጨርሰው ሦስት ቀን ሊሞላ 20 ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ጋሽ ኃይሌ፦ ከሰዓቱ የሚቀድም ባቡር ዛሬ ገና ሰማሁ።

እኔ፦ ኮከቡ ሌላም ጉድ አለው። ብረታ ብረቱ ከፀሐይ በእጥፍ ይበልጣል።

ጋሽ ኃይሌ፦ ምን ምን ብረት?

እኔ፦ እዚህ ላይ ይስቁብናል። ለሥነ ፈለክ ሰው ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም ውጪ ያለው ሁሉ ብረታ ብረት ነው። ካርቦን፣ ኦክስጅን፣ ሁሉም።

ጋሽ ኃይሌ፦ ኦክስጅን ብረት! ኦክስጅን እኮ ብረት በሊታ ነው። ዝገት የማን ሥራ ሆነና? ይህን ለበያጅ ብትነግሪው ካንቺ ጋር ቡና አይጠጣም።

እኔ፦ አለቦታው አልሳቁም፤ እኔም ተማሪዎቼ ፊት ይህን ስል አፍራለሁ። ግን ሰበብ አላቸው። ዓለም ሲጀመር ሃይድሮጅንና ሂሊየም፣ ጥቂት ደግሞ ሊቲየም ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ከሞላ ጎደል ሁሉ በከዋክብት ሆድ የበሰለ፣ ኮከቡ ሲሞት የተበተነ ነው። እርስዎ ቶርኖ ላይ የላጡት ብረትም ከዚያው ነው የመጣ። ያም ሆኖ ጥቂት ነው፤ ፀሐይን መቶ ኪሎ ብናደርጋት ብረታ ብረቷ ኪሎ ተኩል ገደማ ቢሆን ነው። የካላውሲ ሦስት ኪሎ ገደማ ይሆናል። ቀድመውት የሞቱ ብዙ ከዋክብት አመዳቸውን የጣሉበት ቦታ ላይ ነው የተወለደው።

እትዬ ሙሉ፦ ፍግ የጠገበ ማሳ በይኛ።

ጋሽ ኃይሌ፦ ሦስት ከመቶ ግን ያን ያህል የሚያስወራ ነው?

እኔ፦ እርስዎ ይንገሩኛ። ብረት ላይ ካርቦን ስንት ይገባል?

ጋሽ ኃይሌ፦ ለስላሳው ብረት ከመቶ ሩብ እንኳ የለውም፤ እንደፈለግሽ ታጥፊዋለሽ። ወደ አንድ ሲጠጋ መሮ ይወጣዋል፣ ሌላውን ብረት ይቆርጣል። ሦስት ሲያልፍ ጊዛ ነው፤ በመዶሻ ብትመቺው ይሰነጠቃል።

እኔ፦ ሦስቱም ላይ አብዛኛው ያው ብረት ነው።

ጋሽ ኃይሌ፦ ገባኝ። ቀጥዪ።

እኔ፦ በ2005፣ ያው እንደ ፈረንጆቹ፣ ደብራ ፊሸርና ጄፍ ቫለንቲ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከሺህ በላይ ከዋክብት መዝነው ውጤቱን አወጡ። ብረታቸው የፀሐይን እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነው ከዋክብት ከአራቱ አንዱ ግዙፍ ፕላኔት ተገኘበት። ከፀሐይ ካነሱት መካከል ግን ከመቶ ሦስት እንኳ አልሞላም።

እትዬ ሙሉ፦ ምናልባት ልጆቹን በልቶ ቢሆንስ?

እኔ፦ እንዴት?

እትዬ ሙሉ፦ ፕላኔት ያለው ኮከብ ብረት በዛበት አልሽ። ሌሎች ፕላኔቶች ወድቀውበት፣ የነሱ ብረት ፊቱ ላይ ቀርቶ ይሆናላ።

እኔ፦ እትዬ፣ ይህ እኮ ዓመታት ያከራከረ ጥያቄ ነው! የተመለሰው በድስት ነው ማለት ይቻላል። የእነዚህ ከዋክብት ላይኛው ክፍል እንደ ወጥ እየፈላ ይገላበጣል። ሞቅ ባሉት ላይ የሚገላበጠው ስስ ነው፤ እንደ ካላውሲ ቀዝቀዝ ባሉት ላይ ወደ ታች ይጠልቃል። አንድ ማንኪያ ጨው...

እትዬ ሙሉ፦ ለሁለት ሰው ወጥ ይበዛል፣ የሠርግ ድስት ውስጥ አይታወቅም።

እኔ፦ ስለዚህ ብረቱ ከላይ የወደቀ ቢሆን፣ ስሱ ላይ በዝቶ ጥልቁ ላይ በጠፋ ነበር። ሲመዘን ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አልተገኘም። ኮከቡ ከነብረቱ ነው የተወለደው። ፕላኔት የሚያበዛበትም ለዚህ ነው። ሕፃን ኮከብ ዙሪያውን የሚሽከረከር የጋዝና የአቧራ ሰፌድ አለው፤ የሚቆየው ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጠጣሩ እየተጣበቀ የመሬትን አሥር እጥፍ ያህል ከደረሰ፣ ጋዙን እየሳበ ጁፒተርን የመሰለ ይሆናል። ካልደረሰ ጋዙ በኖ ያልቃል። ጠጣሩ የበዛበት ሰፌድ ቶሎ ያደርሰዋል።

ጋሽ ኃይሌ፦ ባቡሩ ሳያመልጥ ጣቢያ መድረስ ነው። እሺ፤ ማን አየው ግን ይህን ቡሩ የምትዪውን?

እኔ፦ ማንም አላየውም።

ጋሽ ኃይሌ፦ እ?

እኔ፦ ፎቶው የለም። በኮከቡ ፊት ሲያልፍም ታይቶ አያውቅም። የሚታወቀው በድምፅ ነው ብል ይሻላል። ሌሊት ከሽንሌ በኩል የሚመጣ ባቡር ጡሩምባ ሲነፋ እንዴት ነበር?

ጋሽ ኃይሌ፦ ሲመጣ ቀጠን ይላል፣ አልፎ ሲሄድ ይጎረንናል። አልጋዬ ላይ ሆኜ ፍጥነቱን እነግርሽ ነበር። ሙሉ ትመስክር።

እትዬ ሙሉ፦ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር በል።

እኔ፦ ብርሃንም እንደዚያው ነው። ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ ብርሃኑ ይቀጥናል፣ ሲርቅ ይጎረንናል። ፕላኔቱ ኮከቡን ሲዞር ኮከቡም በበኩሉ ወደ ወዲያና ወደ ወዲህ ይንገዳገዳል። ቡሩ ካላውሲን በሰከንድ ከ55 ሜትር በላይ ያወዛውዘዋል፤ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው።

ጋሽ ኃይሌ፦ ፈጣን ነው።

እኔ፦ ለባቡር ፈጣን ነው። ለብርሃን ምንም አይደል። ለውጡ ከአምስት ሚሊዮን አንድ እጅ ነው፤ አምስት ኪሎ ሜትር ሐዲድ ዘርግተው አንድ ሚሊ ሜትር እንደ መሳሳት ማለት ነው።

ጋሽ ኃይሌ፦ ይህን በምን ይለኩታል?

እኔ፦ በብረት። የኮከቡ ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና ሲዘረጋ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቋቁር መስመሮች ይታዩበታል፤ ከነሱ ብዙዎቹን የሚያሰምረው ብረት ነው፣ የእርስዎው ትክክለኛው ብረት። መስመሮቹ አንድ ላይ ወዲህ ወዲያ ሲሉ ነው ኮከቡ መንገዳገዱ የሚታወቀው። ፕላኔቱን የወለደው ብረት ያሳበቀበትም እሱ ነው።

ጋሽ ኃይሌ፦ የት ሆነው ነው የሚያዳምጡት?

እኔ፦ ቺሊ ውስጥ ላ ሲያ የሚባል በረሃ ተራራ ላይ፣ 2400 ሜትር ከፍታ። ካላውሲን የሰሙት የጄኔቫ ሰዎች ናቸው፣ የሚሼል ማዮር ቡድን። ማዮርና ዲዲየ ኬሎ በ1995 ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ የመጀመሪያውን ፕላኔት ያገኙ ናቸው፤ በ2019 ኖቤል ተሸልመውበታል። ቡሩን ያገኙት 1.2 ሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ ነው፤ ለዚህ ሥራ ትንሽ የሚባል። ወሬው በ2000 ግንቦት ተሰማ።

እትዬ ሙሉ፦ ቶናው ነው እንጂ እኔን የጨነቀኝ። ይህም ባለ አንድ ነው?

እኔ፦ እሱን ልነግርዎት ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ማንቸስተር ላይ ስብሰባ ነበር። የጄኔቫ ቡድን ተነስቶ ‹‹ሁለተኛ ፕላኔት አለ›› አለ። በ30 ቀን ገደማ የሚዞር፣ የሳተርንን ግማሽ ያህል የሚመዝን።

እትዬ ሙሉ፦ እሰይ! ቶናው መጣ።

እኔ፦ ሁሉም እንደ እርስዎ ደስ አለው። ፒተር ጎልድራይክና ያንቺን ዉ የሚባሉ፣ በስሌት ስማቸው የተጠራ ሰዎች፣ ሁለቱ ፕላኔቶች እንዴት እንደሚጎታተቱ፣ መንገዳቸው እንዴት እንደተቆላለፈ አስልተው ጻፉ። ሳነበው እጄን አፌ ላይ ነው የጫንኩት፤ እንዲያ ያምራል። ጽሑፉ በ2002 ወጣ። በዚያው ዓመት ፖል በትለርና ባልደረቦቹ ከሃዋይና ከአውስትራሊያ ቴሌስኮፖች ያገኙትን ልኬት አቀረቡ። ቡሩ አለ፤ ሁለተኛው የለም።

ጋሽ ኃይሌ፦ የለም ማለት?

እኔ፦ የለም ነው። ያ ድምፅ እነሱ ጆሮ አልገባም። የጄኔቫዎቹም ተጨማሪ ልኬት ሲሰበስቡ ምልክቱ እየጠፋ ሄደ፤ በ2004 ራሳቸው ጽፈው ተቀበሉት።

እትዬ ሙሉ፦ ተፈልቶ ተደፋ!

ጋሽ ኃይሌ፦ አትሳቂባቸው። እኔ ላይ ደርሷል።

እትዬ ሙሉ፦ ደግሞ ምን ሊል ነው።

ጋሽ ኃይሌ፦ የባቡር እግር በመዶሻ እየመታን ስንጥቅ እናዳምጥ ነበር። ደህና እግር ይዘፍናል። የተሰነጠቀ ያስላል፤ ኩፍ ይላል። አንድ ሌሊት አንዱ እግር አሳለብኝ። ደግሜ መታሁ፣ አሳለ። ‹‹ይወረድ›› አልኩ። ፉርጎው ተቆረጠ፣ ጭነት ወረደ፣ ሰው ተቆጣ። ጠዋት አውርደን ስንመታው እንደ ደወል ዘፈነ። ለካ የፍሬኑ ጫማ ተደግፎት ነበር፤ ድምፁን ያፈነው እሱ ነው።

እኔ፦ ከዚያስ?

ጋሽ ኃይሌ፦ ከዚያማ ፎርማኑ ዘንድ ሄጄ ‹‹የኔ ጆሮ ነው›› አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ግን ልብ በይ፤ መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ውሸት አልነበረም። እግሩ አስሏል። ስንጥቅ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።

እኔ፦ ይህን ክፍል ውስጥ ልጠቀምበት።

ጋሽ ኃይሌ፦ ስሜን አትጥሪ እንጂ ተጠቀሚ።

(ስማቸውን እዚህ ላይ የቀየርኩት ለዚህ ነው።)

እኔ፦ እኔ የማደንቀው ግን ሰዎቹ የለም ካሉ በኋላ ማዳመጥ አለመተዋቸውን ነው። ኮከቡ ‹‹አሳፍሮናል›› ተብሎ አልተጣለም። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በአራት መሣሪያ የተሰበሰበ፣ ከ20 ዓመት የሚበልጥ ልኬት አንድ ላይ አድርገው በ2022 አዲስ ነገር አወጡ። ሁለተኛ ፕላኔት አለ።

እትዬ ሙሉ፦ ደግሞ!

እኔ፦ ያኛው አይደለም። ይህ ሌላ ነው፤ ከጁፒተር ከበድ ይላል፣ አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ22 ዓመት ገደማ ነው። የመጀመሪያው ቶና በ30 ቀን የሚመላለስ ነበር የተባለው፤ ይህን ለመስማት ግን አንድ ሰው ሥራ ከጀመረ እስከ ጡረታው ያለውን ዘመን ግማሽ ያህል መቀመጥ አለበት።

ጋሽ ኃይሌ፦ አንዴ ብቻ የሚያልፍ ባቡር።

እኔ፦ መንገዱም እንደ ቡሩ ክብ አይደለም፤ እንደ እንቁላል እንኳ አይደለም፣ ከዚያም የረዘመ። እዚህ ፀሐይ ዘንድ ቢሆን፣ አንዴ ከማርስ ትንሽ ወጣ ብሎ ይቀርብና መልሶ ከሳተርን ማዶ ይጠፋል። አሁን ወደ ቡሩ ልመለስ። ቡሩ ያለበት ቦታ ላይ አልተወለደም። እዚያ ለኮከቡ ተጠግቶ ያን የሚያህል ፕላኔት ለመሥራት በቂ ጠጣር የለም፤ በረዶ አይቆይ፣ አቧራው ይተንናል። ርቆ ነው የተወለደው። ታዲያ እንዴት መጣ? ሁለት ታሪክ አለ። አንዱ፣ ሰፌዱ ገና ሳይበተን በቀስታ እየተንሸራተተ ገባ የሚል ነው። ሌላው፣ ሁለት ግዙፎች በጣም ተቀራርበው ተፈነጋገሩ ይላል፤ ሳይነካኩ፣ በመሳሳብ ብቻ። አንዱ ወደ ውስጥ ተወረወረ፣ ሌላው ወደ ውጪ። የተወረወረው ኮከቡ አጠገብ በደረሰ ቁጥር እየተሳበና እየተለጠጠ መንገዱ ክብ ሆነ፣ እዚያው ቀረ።

ጋሽ ኃይሌ፦ ያኛው ደግሞ የተገፋበትን መንገድ ይዞ ይዞራል።

እኔ፦ አዎ። ያገኙትም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ መንገዱ እንዲህ መርዘሙ ግጭት መሳይ ነገር እንደነበረ ይጠቁማል። ስለ ቡሩ ብዙ የሚነግረን ራሱ ቡሩ ሳይሆን ያ የራቀው ነው።

እትዬ ሙሉ፦ ተጣልተው የተለያዩ ወንድማማቾች። አንዱ እሳት ዳር፣ አንዱ ብርድ ላይ።

ጋሽ ኃይሌ፦ እሳት ዳር ያለው ነው የተጎዳ።

እትዬ ሙሉ፦ ቶናህን ጠጣ፣ ቀዘቀዘ።

ጨልሟል። ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ጋሽ ኃይሌ ወንበራቸውን ወደ ግቢው መሐል ስበዋል።

ጋሽ ኃይሌ፦ ከዚህ ይታያል?

እኔ፦ በባዶ ዓይን አይታይም፤ ባይነኩላር ይፈልጋል። ቦታውን ግን ላሳይዎት። ወደ ደቡብ ይዙሩ። ከአድማሱ ከፍ ብሎ፣ ያ ቀላ ያለው ሱሃይል ይባላል።

ጋሽ ኃይሌ፦ ግመል ነጂዎቹ ሱሄል የሚሉት?

እኔ፦ የነሱ ያ ወደ ቀኝ ያለው ደማቁ ነው፣ ካኖፐስ። ስሙ ከዚያ ወደዚህ ተሻግሮ በዓለም አቀፉ መዝገብ የዚህኛው ሆኖ ቀርቷል። አሁን እጅዎን ዘርግተው ከሱሃይል በስተግራ ሦስት ጣት ይለኩ። ካላውሲ እዚያ ነው። ዛሬ ማታ የሚደርሰን ብርሃን ከዚያ ከተነሳ 130 ዓመት ያልፈዋል።

ጋሽ ኃይሌ፦ ያኔ ሐዲዱ እዚህ አልደረሰም።

እኔ፦ ድሬዳዋም አልነበረችም።

ክንዳቸውን ዘርግተው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቶርኖ ላይ ሲሆኑ እንደሚያደርጉት ትንፋሻቸውን ያዙ። ቆይተው እጃቸውን መልሰው አዩት።

ጋሽ ኃይሌ፦ ይሄ ሁለት ተኩል ነው። ግማሹን አንቺ ጨምሪበት።